ስለ አትክልት ቦታና ስለ ምጽዋት

ሰው በገዛ መሬቱ ላይ አትክልት ተክሎ፣ አበባ አብቅሎ፣ ዙሪያውን አጥሮ ደጁን ቢዘጋ የሚፈርድበት የለም። መሬቱ የራሱ፣ ድካሙም የራሱ ነውና። ነገር ግን የአትክልት ቦታ ከሌላው ሀብት ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሌላ ሰው ስላየው ከቶ የማይጎድል መሆኑ ነው። እንጀራ ለሁለት ሲካፈሉት ግማሽ ይሆናል፤ ገንዘብም ለሌላ ሲሰጡት ከእጅ ይወጣል፤ አበባ ግን አንድ ሰው ቢያየውም መቶ ሰው ቢያየውም መልኩና ሽታው ያው ነው። እንግሊዞች ይህንን አስተውለው የግል አትክልታቸውን ለበሽተኛ ማስታመሚያ የሚሆን ገንዘብ ማግኛ ካደረጉት መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ነገር ይመስላል፤ በውስጡ ግን ለሹማምንትም ለካህናትም የሚጠቅም ምክር ስላለበት ጥቂት ልንነጋገርበት ይገባል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። በ1859 ዊልያም ራትቦን የሚባል የሊቨርፑል ከተማ ነጋዴ ሚስቱ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ስትያዝ ሜሪ ሮቢንሰን የምትባል አስታማሚ ቀጥሮ በቤቱ አሳከማት። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ግን ልቡ አላረፈም። ሁሉ በሞላበት ቤት የአስታማሚ እጅ ይህን ያህል የሚያጽናና ከሆነ፣ በጠባብ ክፍል ተኝቶ ውኃ እንኳ የሚያቀብለው የሌለው ድኻ እንደ ምን ይሆናል ብሎ ስላሰበ፣ ያችኑ አስታማሚ በድኾች ሰፈር በየቤቱ እየዞረች በሽተኞችን እንድትረዳ በገንዘቡ ቀጠራት። ከዚያም በኋላ በፍሎረንስ ናይቲንጌል ምክር በሊቨርፑል የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1887 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ የአገሩ ሴቶች ለንግሥቲቱ ስጦታ ካዋጡት ገንዘብ 70,000 ፓውንድ ለዚህ ሥራ እንዲውል ስለ ተፈቀደ፣ በየቤቱ እየዞሩ የሚያስታምሙ ነርሶች ማኅበር በንግሥቲቱ ስም ጸና።

ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ገንዘቡ አነሰ። ንግሥት አሌክሳንድራ በ1925 ካረፉ በኋላ ለመታሰቢያቸው ለነርሶቹ ገንዘብ ይሰብሰብ በተባለ ጊዜ፣ ከማኅበሩ ሸንጎ አባሎች አንዷ ወይዘሪት ኤልሲ ዋግ አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረቡ። በአገራችን ብዙ ያማሩ አትክልቶች ሳሉ ከባለቤቶቹና ከወዳጆቻቸው በቀር የሚያያቸው የለም፤ ባለቤቶቹ ደጃቸውን ለአንድ ቀን ቢከፍቱና ከሚገባው ሰው ጥቂት ገንዘብ ቢቀበሉስ? የሚል ነበር። በ1927 ነገሩ ተፈተነ። 609 የአትክልት ቦታዎች ተከፈቱ፤ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛም የሳንድሪንግሃምን አትክልት ከከፈቱት መካከል ነበሩ። የመግቢያው ዋጋ ለአንድ ሰው አንድ ሽልንግ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የተገኘው ገንዘብ 8,191 ፓውንድ ሆነ። ፓውንዱ በዚያ ዘመን 20 ሽልንግ ነበርና፣ ይህ ከ160,000 ሽልንግ በላይ መሆኑ ነው። አንድ ባለጸጋ ሰጠው የሚባል ገንዘብ ሳይሆን በየሰዉ እጅ የተቆጠረ ሳንቲም ተጠራቅሞ የቆመ ሥራ ነው።

ዛሬ ናሽናል ጋርደን ስኪም በሚባለው በዚህ ማኅበር አማካይነት በእንግሊዝና በዌልስ ደጃቸውን የሚከፍቱት አትክልቶች ከ3,000 በላይ ናቸው። እስከ ዛሬ ለአስታማሚዎችና ለበሽተኞች የተሰጠው ገንዘብም ከ70 ሚሊዮን ፓውንድ አልፏል። የሚከፍቱትም ታላላቅ ግቢ ያላቸው ብቻ አይደሉም። በአንድ መንደር የሚኖሩ ጎረቤታሞች፣ እያንዳንዳቸው ያላቸው መሬት ከአንድ ክፍል ቤት የማይሰፋ ሁኖ ሳለ፣ ተስማምተው ደጃቸውን ባንድ ቀን ይከፍታሉ፤ እንግዳውም አንድ ቲኬት ቆርጦ ከደጅ ወደ ደጅ እየተዘዋወረ ያያል። የየአጥቢያው የአትክልተኞች ማኅበሮችም አስቀድመው ቀን ቀጥረው በኅብረት ይጎበኛሉ። የቤቱ ባለቤት ሻይና በቤት የተጋገረ ኬክ ያቀርባል፤ ያፈላውንም ችግኝ ይሸጣል፤ እንግዳው ስለ አፈሩና ስለ ዘሩ ይጠይቃል። በዚህ ዓይነት ሁለት ጥቅም ባንድ ቀን ይገኛል፤ አንዱ ዕውቀት ነው፤ ሁለተኛውም ምሕረት ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህ ያለውን ሥራ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ግን ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው የካህናት ነው። ምጽዋት በስውር ሊደረግ እንደሚገባ ተምረናል፤ ታዲያ አበባውን እያሳየ፣ ሻይ እያጠጣ፣ እየተመሰገነ የሚሰጥ ሰው ዋጋውን እዚሁ አልተቀበለምን? ይላሉ። ጥያቄው ታላቅ ነው። ቢሆንም ሥራውን አጥብቆ ለመረመረው ሰው መልሱ አይጠፋም። ባለቤቱ የሚመሰገነው ስለ አትክልቱ እንጂ ስለ ምጽዋቱ አይደለም። እንግዳውም የመግቢያውን ገንዘብ ሲከፍል ስሙ አይጻፍም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የበሽተኛው ነገር ነው። በሽተኛው በአልጋው ላይ ሳለ አስታማሚዋ ስትገባለት የማን ገንዘብ እንዳመጣት አያውቅም፤ ስለዚህ ማንንም ደጅ አይጠናም፤ የማንንም እጅ አይስምም፤ በማንም ፊት አያፍርም። ድኻውን ከሚያዋርደው ነገር አንዱ የሰጪውን ፊት ማየት ሲሆን፣ ይህ ሥርዐት ከዚያ ያድነዋል። እንግዲህ በስውር መስጠት ማለት ከተቀባዩ ዓይን መሰወር ከሆነ፣ በአደባባይ በተከፈተ በር በኩልም በስውር መስጠት ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሹማምንት ነው። በሽተኛን ማስታመም የመንግሥት ሥራ ነው፤ የኬክና የአበባ ገንዘብ ምን ያደርጋል? የሚል ነው። ይህንን እንግሊዞች በሥራ ፈትነውታል። በ1948 የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሲቋቋም በየቤቱ የሚዞሩት ነርሶች ደመወዝ በመንግሥት ላይ ሆነ፤ የማኅበሩም ሥራ አበቃ ሊባል ይቻል ነበር። ነገር ግን መንግሥት ያልደረሰበት ቦታ አልጠፋም። የጡረታ ዘመን የደረሱ ነርሶች ነበሩ፤ አዲስ ተማሪዎችም ነበሩ። ኋላም በካንሰር የሚሠቃዩትን የሚረዱት ማክሚላንና ማሪ ኩሪ የተባሉት ድርጅቶች፣ ሊሞት የተቃረበውን ሰው በክብር የሚያስታምሙ ቤቶችም ከዚሁ ገንዘብ ተቀባዮች ሆኑ። ስለዚህ ነገሩ በልክ መያዝ አለበት። የሕዝብ ቸርነት የመንግሥትን ግዴታ የሚሽር ምክንያት አይሁን፤ ሹም የሆነ ሰው በጎ አድራጊዎች አሉ ብሎ የራሱን ሥራ ቢተው ምጽዋትን ለስንፍናው መሸፈኛ ማድረጉ ነው። እንዲሁም መንግሥት አለ ብሎ ሕዝቡ እጁን ቢሰበስብ፣ ደመወዝ ሊገዛው የማይችለው ርኅራኄ ከአገር ይጠፋል።

ይህ ሥራ ለዚህን ያህል ዘመን የጸናበት ሌላው ምክንያት ሥርዐት ያለው መሆኑ ነው። የሚከፈቱት አትክልቶች ስም፣ ቀኑና የመግቢያው ዋጋ በመጽሐፍ ታትሞ አስቀድሞ ለሕዝብ ይነገራል፤ ይህም መጽሐፍ በልባሱ ቀለም ቢጫው መጽሐፍ ይባላል። በየዓመቱ ለማን ስንት እንደ ተሰጠም ይገለጻል። ሰው ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ ካወቀ በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ይመጣል፤ ካላወቀ ግን አበባው ምንም ቢያምር ደጁን ሁለተኛ አይረግጥም።

እኛ ለእንዲህ ያለው ሥራ እንግዶች አይደለንም። በሰንበቴ፣ በማኅበርና በዕድር ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ ትልቅ ነገር መሥራት የቆየ ልማዳችን ነው። ዐጸደ ቤተ ክርስቲያንም ሌላው ምድር በተራቆተበት አገር ዛፉን ጠብቆ ማቆየቱን ሁሉም ያውቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የተቀመጡበትን፣ በባዝ ከተማ የሚገኘውን ፌርፊልድ የተባለውን ቤት በ1958 ለከተማይቱ አረጋውያን እንዲሆን ሰጥተውታል። የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢም በ2019 ለሕዝብ ተከፍቶ ሰው ሁሉ እየከፈለ ያየዋል። እንግዲህ የጎደለን ልማዱ ወይም ቦታው ሳይሆን ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባና ምድር በአበባ ስታጌጥ፣ በአንድ አጥቢያ ያሉ ያማረ ግቢ ያላቸው ሰዎች ተስማምተው ለአንድ ቀን ደጃቸውን ይክፈቱ፤ ገንዘቡም በዚያው አጥቢያ በየቤቱ ለተኙት በሽተኞች መርጃ ይዋል፤ የአጥቢያው ካህን ችግረኛውን ያመልክት፤ ሹሙም ጸጥታውን ይጠብቅ፤ የተገኘውና የወጣው ሒሳብ በሳምንቱ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ባንድ አጥቢያ ተሞክሮ የቀና እንደ ሆነ ሌላው አይቶ ይከተላል። ዛሬ ከከፍተኛ አጥር በስተጀርባ ያለ አበባ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው ዓይን ብቻ ይፈካና ይረግፋል፤ ከአጥሩ ማዶም አስታማሚ ያጣ በሽተኛ ተኝቷል። በሩን ለአንድ ቀን ቢከፍት የሚጎድልበት ነገር አለመኖሩን ባለ ግቢው ሁሉ ሊያስብበት ይገባዋል።