ጀልባውን ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን እዩ

ሰሞኑን በዴንቨርና በአካባቢዋ ከሚኖሩ ባለታክሲዎችና ባለሱቆች ተደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ስለ ጀልባ ነው። ሁለት ሦስት ሆነው ገንዘብ አዋጥተው፣ ያገለገለ ጀልባ ገዝተው፣ በበጋ ወራት በውሃ ላይ ሸርተቴና በተነፋ ጎማ መጎተት ለሚወዱ ሰዎች ሊያከራዩ ያሰቡ ወገኖች «ወጪው ከታክስ ይቀነስልናል ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። በእኔ አስተያየት ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም የጀልባው ፕሮፔለር ለምን ሥራ የተመረጠ ነው የሚለው ነው።

ፕሮፔለር ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ ውሃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደው ባለክንፍ ብረት ነው። ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንደኛው የዙሪያውን ስፋት ሲገልጽ ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ ብሎን እንጨት ውስጥ እንደሚገባው ቢገባ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚሄድ ይናገራል። ለሾፌር ነገሩ ግልጽ ነው፦ ትልቅ ፒች እንደ አራተኛ ማርሽ፣ ትንሽ ፒች እንደ ሁለተኛ ማርሽ ቁጠሩት። ልዩነቱ፣ በጀልባ ላይ እንደ መኪና ማርሽ እየቀያየሩ መንዳት የለም። አንዱን መርጣችሁ ቀኑን ሙሉ በዚያው ትሠራላችሁ።

ሻጩ ጀልባውን ሲያሳያችሁ ብቻውን ተቀምጦ በፍጥነት ያበርረዋል፤ እናንተም ትደነቃላችሁ። ነገር ግን ሸርተቴ የሚጎተተው በሰዓት 30 ማይል ገደማ ነው፤ ጎማ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። 50 ማይል የሚሮጥ ጀልባ ምን ሊፈይድላችሁ ነው? ደንበኛው የሚከፍላችሁ ከውሃው ቶሎ ብድግ ብሎ ለመውጣት ነው። ያውም በጀልባው ውስጥ ነጂው፣ በኮሎራዶ ሕግ የግድ መኖር ያለበት ተመልካች፣ ልጆቹና የምግብ ሣጥኑ ሁሉ ተጭነው ነው።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ቴክሳስ ወይም ካሊፎርኒያ ጠረፍ በርካሽ የተገኘ ጀልባ ፕሮፔለሩ የተመረጠለት ለባሕር ወለል ነው። ቼሪ ክሪክና ቻትፊልድ ግን 5,500 ጫማ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ 250 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ሲደርስ 40 ያህሉን ጥሎ ይመጣል። አዲስ አበባ መኪና ነድቶ እንጦጦን የወጣ ሰው ይህን አይስተውም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ ውሃው ግን አይሳሳም፤ ፕሮፔለሩን እንደ ዱሮው ይከብደዋል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ሞተሩ አርጅቷል» ብለው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ለጥገና ያወጣሉ። ከዚያ በፊት ፕሮፔለሩን መሞከር ይሻላል።

ሙከራው ቀላል ነው። ጀልባውን እንደ ሥራ ቀን ጭናችሁ፣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ሰጥታችሁ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ተመልከቱ። የሞተሩ መጽሐፍ ለምሳሌ ከ4,400 እስከ 4,800 ይላል እንበል፤ የእናንተው 4,000 ላይ ከቆመ ፒቹ በዝቷል። አንድ ኢንች ፒች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ እንግዲህ 21 የነበረውን በ17 ብትለውጡ 4,600 እና 4,800 መካከል ትደርሳላችሁ። ከዚህ በላይ መቀነስ ግን አደጋ አለው፤ ጭነቱ ሲቀል ሞተሩ ከልኩ በላይ ይዞራል። አንዳንድ ሱቆች ለሙከራ ያውሳሉና ጠይቁ።

ባለአራት ክንፉ ከባለሦስቱ ይልቅ በዝግታና በመታጠፊያ ላይ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል። ለመጎተት ሥራ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ስለ ብረቱ ዓይነት ግን ከሻጮች ጋር አልስማማም። አይዝጌው ጠንካራና የተሻለ የሚሠራ መሆኑ እውነት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የምታከራዩት ጀልባ የሚነዳው በማያውቀው ሰው እጅ ነው፤ ድንጋይ መምታቱ አይቀርም። ርካሹ አሉሚኒየም ተጣሞ ይቀራል፤ ጠንካራው ግን ምቱን ወደ ማርሹ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሁለት አሉሚኒየም ግዙ፤ አንዱ መለዋወጫ ሆኖ ከነመፍቻው ጀልባው ውስጥ ይቀመጥ። ቅዳሜ ቀን የቆመ ጀልባ እንደቆመ ታክሲ ነው።

አንድ ነገር ግን በገንዘብ አይለካም። ሰው ከኋላ ሲወጣና ሲገባ ሞተሩ ይጥፋ፤ ከማርሽ ማውጣት ብቻ አይበቃም። ደንበኛ ገመድ ለቆ በጀልባው ማዕበል ላይ ልንሸራተት ቢላችሁ ፕሮፔለሩ ከጀልባው ኋላ የወጣ ከሆነ እምቢ በሉ። ይህ ጨዋታ የሚፈቀደው ፕሮፔለሩ ከሆዱ ሥር ገባ ብሎ ለተሠራ ጀልባ ብቻ ነው።

ወደ ታክሱ ስመለስ፣ በእርግጥ ለኪራይ የዋለ ጀልባ ወጪ ይቀነሳል፤ ልጆቻችሁን ያዝናናችሁበት ቀን ግን አይቀነስም። የታክሲ ማይል እንደምትመዘግቡ ቀኑን መዝግቡ። የግል መዝናኛ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ኪራይን አይሸፍንም፤ የፓርኩንም የንግድ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፕሮፔለሩን በተመለከተ፣ ከ2,500 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ በዚያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ወጪ ሊደረግ ይችላል። ይህን መምረጣችሁን ግን በየዓመቱ ከታክስ ቅጹ ጋር በጽሑፍ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።