ከተቆጣጣሪ ጠይቆ አስተዳደርን ስለ መማር

ለክቡራን ያገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለመሬት ባለይዞታዎች ይህን ቃል የምንጽፈው፣ ስለ ሕዝብ አስተዳደር ትምህርት አንድ መልካም ልማድ ተጀምሮ ሳለ ፍሬውን ሳይሰጥ ሲቀር ስላየን ነው። ልማዱም አዲስ የተሾመ ወጣት፣ ወይም ገና በትምህርት ላይ ያለ ተማሪ፣ ወደ አንድ የመንግሥት ሥራ ተቆጣጣሪ ዘንድ ሄዶ ስለ ሥራው ጠይቆ የሰማውን ጽፎ እንዲያመጣ ማዘዝ ነው። አሳቡ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ አደራረጉ ግን ብዙ ጊዜ ከንቱ ይሆናል። ወጣቱ ዐሥር ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ይመጣል፤ ተቆጣጣሪውም በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመሥሪያ ቤቱን ዓላማ በቃሉ ይነግረዋል፤ ያም ጽፎ፣ እጅ ነሥቶ ይሄዳል። ሁለቱም ደክመዋል፤ ማንም ግን አልተማረም።

ጠይቆ መማር የሚያስገኘውን ጥቅም ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ድረስ መውረድ ይበቃል። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። አስቀድሞ የታሰበው እስከ ሐረር እንዲወጣ ነበረ፤ ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ስለ ሆነ ባቡሩ ከታች ቀረ፤ በዚያም የተቈረቈረው ከተማ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች መንገዱን በገመድ እንደ ተለካ ቀጥ አድርገው፣ በዳሩም ዛፍ ተክለው የሠሩት ሰፈር ከዚራ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ወደ ላይ መቀጠል እስኪጀምር ድረስ የባቡሩ መጨረሻ ይህ ቦታ ነበረ። ቡናውና ቆዳው በግመልና በበቅሎ መጥቶ እዚህ ይጫናል፤ ከባሕር ማዶ የመጣውም ጨርቅ እዚህ ይራገፋል። እንግዲህ ባላገሩ በዓመት የደከመበት ነገር በዚህ በር ይወጣል፤ በለወጠው ምን እንዳገኘ ደግሞ በዚሁ በር ሲገባ ይታያል።

በዚህ በር ላይ ከተቀመጡት ሹማምንት አንዱ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበረ። በአድዋ አጠገብ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ባሕር ተሻግሮ፣ በጀርመን አገር የተማረ ሰው ነው። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬ ዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኖ አገለገለ፤ በ1911 ዓ.ም. ገና በጐልማሳነቱ ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በአማርኛ ቋንቋ ስለ ሕዝብ አስተዳደር ከተጻፉት መጻሕፍት ቀደምትና ዋነኛ ከሆኑት አንዱ የወጣው ቀረጥና ጭነት ሲቆጣጠር ከኖረ ሰው እጅ ነው። ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ዕውቀት ከበዛለት ሕዝብ ጋራ ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም እንደሚለውጥ በዚያ መጽሐፍ ያስረዳል። ይህን ለማሰብ የአውሮጳ ትምህርት እንደ ረዳው አንጠራጠርም። ቀድሞም ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ጽሑፍ፣ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብርም የታወቀና የተወሰነ እንዲሆን አሳስቦ ነበረ። ነገር ግን ስንት ቶን ቆዳ ወጥቶ ስንት ጣቃ ጨርቅ እንደ ገባ በየቀኑ በመዝገብ የሚያይ ሰው፣ በመጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው የማያየውን ማየቱ አይቀርም። እንደ እኛ አሳብ የመጽሐፉ ጉልበት ከሁለቱ መጋጠም የመጣ ነው።

ታዲያ ዛሬም በየበሩ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ አለ፤ ሁሉ ግን መጽሐፍ አይጽፍም። በሠላሳ ዓመት ያየው የመንግሥት ሥራ ሁሉ በልቡ ነው ያለው፤ ጡረታ በወጣ ቀን አብሮት ይወጣል፤ በቦታው የሚተካውም ከፊደል ይጀምራል። ጠያቂ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አሁን አንድ የወረዳ እርሻ ሹም ከሐረርጌ ደጋ ወደ ድሬ ዳዋ ወርዶ ማዳበሪያ ለምን እንደሚዘገይ ይጠይቅ እንበል። በወረዳው ሳለ የሚያውቀው ማዳበሪያው አለመምጣቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የበላዩን ያማል፣ ገበሬውም እርሱን ያማዋል። በድሬ ዳዋ ጭነት የሚቆጣጠረውን ሰው ቢጠይቅ ግን ነገሩ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ መሆኑን ያያል። ማዳበሪያው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከመርከብ ወርዶ በጆንያ ይሞላል፤ በጭነት መኪና ወይም በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኤሌክትሪክ በሚሄደው ባቡር ይጫናል፤ ወደ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያም ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ከዩኒየኑ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ ከማኅበሩ ወደ ገበሬው ይደርሳል። በነዚህ ሁሉ መካከል ፊርማ አለ፤ ፊርማ ባለበት ደግሞ የሚጠበቅ ሰው አለ። አንዱ ፈራሚ ለስብሰባ ሄዶ ሦስት ቀን ቢቀር ጆንያው ሦስት ቀን ይተኛል፤ ከሥር ያለውም መኪና ለሌላ ጭነት ይሄዳል፤ ሦስቱ ቀን ዐሥር ቀን ይሆናል።

ጠያቂው ጥቂት ቢታገሥ ከዚህ የበለጠ ይሰማል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውንና በቆሎውን የሚዘራው በበልጉ ዝናብ፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ አሳባችን ግን ሁልጊዜ በክረምት ከሚዘራው አገር ጋራ ነው። ለስንዴና ለጤፍ አገር በሰኔ የደረሰ ማዳበሪያ በጊዜው ደረሰ ይባላል፤ ለማሽላው ግን አዝመራው ከበቀለ በኋላ መጣ ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም «ተሰራጨ» ተብለው ይጻፋሉ። ይህን ልዩነት ከሪፖርት ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ጆንያውን ሲያራግፍ ገበሬው የነገረውን የሚያስታውስ ሰው ግን በአንድ ቃል ይናገረዋል። የጠየቀው ሹም ወደ ወረዳው ተመልሶ የመጠየቂያውን ደብዳቤ ቀደም አድርጎ በመኸር ጊዜ ቢጽፍ፣ ከየትኛውም ሥልጠና የሚበልጥ ትምህርት አገኘ እንላለን።

ስለ አጠያየቁ ጥቂት እንናገር። «ሥራዎ ምንድር ነው?» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው ደንቡን ነው፤ ደንቡም ታትሞ ስለሚገኝ ለዚያ መንገድ መሄድ አያስፈልግም። «ትናንት ጧት ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ የመጣብዎ ነገር ምን ነበረ? እንዴትስ ጨረሱት?» ያለ ግን ሥራውን ያያል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን በትሕትና መጠየቅ ይገባል፤ መዝገብ ያልተጻፈበት ቀን ከተጻፈበት ቀን ይልቅ ብዙ ይናገራልና። ተቆጣጣሪው ማድረግ የሚፈልገውንና ሥልጣን የሌለውን ነገር ሳይጠይቁ መነሣት ደግሞ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የአስተዳደር በሽታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኀላፊነቱ ለአንዱ፣ ሥልጣኑ ለሌላው በተሰጠበት ቦታ ነውና። የተባለውንም ነገር እንዲሁ ማመን አይገባም። ማንም ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ራሱን ያሳምራል፤ ይህ የሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ ከተቆጣጣሪው ቢሮ ሲወጡ ከተሸካሚው፣ ከዘበኛውና ወረፋ ይዞ ከቆመው ባለጉዳይ ዘንድ ጥቂት መቆም ይገባል። ሦስቱ የሚሉት ከተቆጣጣሪው ቃል ጋራ ከተስማማ እውነት ነው፤ ካልተስማማም ሌላ የሚጠየቅ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

አንዳንድ ሹማምንት መጠየቅ እንደ መከሰስ ይመስላቸዋል። ይህ ፍርሀት ምክንያት የለውም አንልም፤ በዱሮው ዘመን የሚጠይቅ ሰው የሚላከው ሹም ሊሻር ሲል ነበረና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት በተነገረበት አገር፣ ሹመት ለጊዜው የተያዘ ርስት መስሎ ስለ ታየ፣ የሚጠይቅ ሁሉ ርስቱን ሊነጥቅ የመጣ ይመስል ነበረ። ከዚህም የተነሣ የሚጎዳው ባላገሩ ነበረ። በአሥራት ዘመን ገማቹ መጥቶ ሰብሉን ሳያይ ገበሬው ማንሣት አይችልም ነበረ፤ ገማቹ በዘገየ ጊዜ ሰብሉን ዝናብ፣ ወፍና ተባይ ይካፈሉታል። ለምን እንደ ዘገየ የሚጠይቀው ግን አልነበረም፤ ጠያቂ ቢኖር ኖሮ ምናልባት በአንድ ወረዳ ገማቹ አንድ ብቻ መሆኑ ይታወቅ ነበረ። አሥራቱ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ፤ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። የገማቹ ስም ቀረ፤ ሳይጠየቁ የመዘግየት ጠባይ ግን በአዋጅ የሚሻር አይደለም።

ይህ ነገር ለከዚራ ሰው የሕይወት ነገር መሆኑን ደቻቱ አሳይቷል። ወንዙ በዓመት አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ ገደለ። ውሃው የወረደው በከተማው ላይ ከዘነበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ከደጋው፣ ዛፉ ከተመነጠረበትና አፈሩ ከታጠበበት ተዳፋት ነው። እንግዲህ የከተማው ሹም የተራራውን እርከን አያዝዝም፤ የደጋው የእርሻ ሹምም የከተማውን የወንዝ ዳር አይጠብቅም። ከተማውም በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ስለ ሆነ፣ ከላይ ያለው ተዳፋት አብዛኛው በሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው። የሁለቱ ሹማምንት መዝገብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኝበት ሕጋዊ ምክንያት ጥቂት ነው። አንዱ ሌላውን ሄዶ ቢጠይቅ ግን፣ የደጋው ሹም እርከን ሲያሠራ የአፈርን ለምነት ብቻ ሳይሆን የከዚራንና የመጋላን ሕፃናት እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ የከተማው ሹምም በላይ ስንት እርከን እንደ ፈረሰ ክረምት ሳይገባ ይረዳል። እኛ ከጎርፍ መከላከያው ግንብ ይልቅ ይህ መጠያየቅ ርካሽ ይመስለናል፤ ግንቡ ግን አያስፈልግም ማለታችን አይደለም።

ስለዚህ የየወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት አዲስ ሹም በተቀበለ ጊዜ፣ ወንበሩን ከማስረከቡ አስቀድሞ ሁለት ሳምንት ለጥያቄ ቢሰጠው እንወዳለን። በመጀመሪያው ሳምንት ከእርሱ በፊት የነበረውን፣ ጡረታ የወጣም ቢሆን በቤቱ ሄዶ ይጠይቅ፤ በሁለተኛው ሳምንት ምርቱ ወደሚወርድበት ከተማ ሄዶ ጭነትና መጋዘን የሚቆጣጠረውን ይጠይቅ። የሰማውን በደብተር ጽፎ ደብተሩን በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጥ እንጂ ወደ ቤቱ አይውሰድ፤ የሚተካው ሰው ከዚያ ይቀጥላልና። የመሬት ባለይዞታዎችም ሹሙ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ምሬታቸውን ብቻ ሳይሆን ቀኑንና ልኩን ቢነግሩት ይጠቀማሉ፤ «ማዳበሪያ ዘገየ» ከማለት «ዘር የዘራሁት ሚያዝያ 20፣ ማዳበሪያ የደረሰኝ ሰኔ 3» ማለት ለጸሐፊው ይቀላል፣ ለአለቃውም ይከብዳል።

ወደ ድሬ ዳዋ የሚወርደው ሹም በማለዳ ቢደርስ መልካም ነው። ቀትር ሲሆን ሙቀቱ ይበረታል፤ ከቀትር በኋላም ከተማው ከጫቱ ጋራ ይቀመጣል፤ በዚያን ጊዜ ጨዋታ ይገኛል፣ መዝገብ ግን አይገለጥም።