ጂጂ የበዓል ልብስ አይደለችም

የካቲት 23 ሲደርስ የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) «ዓድዋ» በየድምጽ ማጉያው ይለቀቃል። የግድቡ ነገር ሲነሳ ደግሞ «ዓባይ» ይከተላል። በዓሉ ሲያልፍ ሁለቱም እንደ ሀገር ልብስ ታጥፈው ሣጥን ይገባሉ። ጂጂን የማያውቅ የለም ይባላል። ከ12 ዘፈን ሁለቱን ብቻ የሰማ ሰው ግን አልበሙን አልሰማም።

ሁለቱም ዘፈኖች ያሉት እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው፣ በስሟ በተሰየመው አልበም ውስጥ ነው። «ዓባይ» ሲወጣ የግድቡ የመሠረት ድንጋይ ሊጣል ገና 10 ዓመት ይቀር ነበር። ለማንም ፕሮጀክት ማስታወቂያ ተብሎ አልተሠራም። «ዓድዋ» ደግሞ የአልበሙ መዝጊያ ነው። ከፊቱ «ናፈቀኝ» አለ። በቅደም ተከተል የሰማ ሰው «ዓድዋ» ፉከራ አለመሆኑን ይረዳል፤ አገሩ የናፈቀው ሰው ለሞቱለት የሚያቀርበው ምስጋና ነው። ነጥሎ የወሰደው ግን መፈክር ያደርገዋል።

ይህ በጎጃም ሲሆን ያሳፍራል። ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። አገሩ የዋሸራና የዲማ ጊዮርጊስ አገር ነው፤ በቅኔ ጉባኤ ሰሙን ብቻ ይዞ የተነሳ ተማሪ ይሳቅበታል። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ የሆኑትን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የመጨረሻ ገጹን ብቻ አይቶ «አንብቤዋለሁ» የሚልስ ማን ይሰማዋል?

«ማን ጊዜ አለው?» የሚል መልስ ይመጣል። ያ ወፍራም መጽሐፍ እኮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ አገር ሙሉ ቀጣዩን ክፍል እየጠበቀ አዳምጦታል። አንድ አልበም የአንድ ኳስ ጨዋታ ያህል እንኳ ጊዜ አይወስድም።

ሌላው ክስ «ፈረንጅ አበላሸው» የሚለው ነው። አልበሙን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ነው፤ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተውበታል። ታዲያ ከአልበሙ ዘፈኖች የአንዱ ስም «ጉራማይሌ» መሆኑን ከሳሾቹ ልብ ብለዋል? ግዕዝንና አማርኛን አዋህዶ የሚዘረፍ ቅኔ ጉራማይሌ ይባላል። መቀላቀልን ኒው ዮርክ ለጎጃም አላስተማረችም፤ ቅኔ ቤቱ ከነስሙ ያውቀዋል። ጥያቄው የተቀላቀለው ተዋሃደ ወይስ አልተዋሃደም ነው። «ባለ ዋሽንቱ»ን ሰምቶ መፍረድ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ላስዌል ያንኑ አልበም «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ እንደገና አቀናብሮ አወጣው። ቤዙና ማሚቶው ወደ ፊት መጡ፤ የጂጂ ድምፅ ወደ ኋላ ሄደ። ብዙዎች «ያው ዘፈን ለምን ይደገማል?» አሉና ተዉት። ማሕሌት የቆመ ሰው ግን ይህን አይጠይቅም። አንዱ ዜማ በቁም ይባላል፤ በዝማሜ ይደገማል፤ በጸናጽል፣ በመረግድ፣ በጽፋት ይመለሳል። ቃሉ ያው ሆኖ ክብደቱ ይለወጣል። ሁለቱ አልበሞች እንደ አንድ ድርብ ሥራ መደመጥ ያለባቸው በዚህ ጆሮ ነው። እርግጥ ሁለተኛው እንከን አለው፤ ድምፅዋ ከመጠን በላይ የሚርቅባቸው ቦታዎች አሉ። ይህን ለማለትም ግን መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል።

ነገሩ የሙዚቃ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሰዓት ንግግር የተቆረጠች ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ሰውን ከሰው ስታናክስ የምትውለው በዚሁ ጆሮ ነው። የፊቱንና የኋላውን መጠየቅ የተወ ሰው፣ ለሚቆርጥለት ሁሉ ሲሳይ ነው።

ስለዚህ የባህል ቢሮዎች፣ የኤፍ ኤም ጣቢያዎችና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለቀጣዩ በዓል ባነር ከማተማቸው በፊት አንድ ቀላል ነገር ያድርጉ፤ አልበሙን ከ«ጉድ ፈላ» እስከ «ዓድዋ» ሳይቆርጡ ያሰሙ፤ ሁለተኛውንም ያስከትሉ። ከዚያ የወደደ ይውደድ፣ የጠላም ይጥላ። ሳይሰሙ ማወደስ ግን ሳይሰሙ ከመንቀፍ አይሻልም።