የደንበኛው ቀን መቁጠሪያ

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ዋለ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 11 ቀን 2024 መሆኑ ነው። በዚያ ዕለት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሁዳዴን ያዙ፤ ብዙ ሙስሊሞችም ረመዳንን ጀመሩ። ስሎተርቫርት የሞሮኮና የቱርክ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩበት የምዕራብ አምስተርዳም ሰፈር ነው። እዚያ ቆሎና ምስር የሚገዛ ሐበሻና ቴምር የሚመርጥ ጎረቤቱ አንድ ቀን ላይ ጾም ገባባቸው። የሱቁ የሒሳብ ማሽን ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ለማሽኑ ቀኑ ተራ ሰኞ ነው።

የሽያጭ መረጃን መተንተን ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚችሉት ጥበብ ተደርጎ ይወራል። ይህ አመለካከት ትንንሽ ነጋዴዎችን በከንቱ ያስፈራል። ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ ሁሉ መረጃ አለው፤ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን ከደንበኛው ኑሮ ጋር የሚያገናኘው ክር ነው።

የሐበሻ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ እናስብ። ልጁ ኮምፒዩተር ከፍቶ የአፕሪል 2024ን የእንቁላልና የቅቤ ሽያጭ ከአፕሪል 2025 ጋር ያነጻጽርለታል። ሽያጩ ዘሎ ወጥቷል። ባለሱቁ ደስ ብሎት ለሜይ ብዙ ያዝዛል፤ በሜይ መጨረሻ ደግሞ ከአምናው ሜይ ያነሰ ሽያጭ አይቶ ይደነግጣል። አዲስ ደንበኛ ግን አልመጣለትም፣ የነበረውም አልሸሸውም። በ2024 ፋሲካ የዋለው ሜይ 5 ስለነበር አፕሪል ሙሉውን ጾም ነበር፤ የበዓሉ ዋዜማ ግብይትም ሜይ ላይ ወደቀ። በ2025 ፋሲካ አፕሪል 20 ዋለ፤ የዋዜማው ግርግር ከነፍስኩ ወደ አፕሪል ተሻገረ። ረመዳንም እንዲሁ በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቀን፣ ዕቃ እና ብዛት ከተጻፈባቸው ሦስት ዓምዶች አጠገብ አራተኛ ይሰመር፤ በላዩም «ለፋሲካ የቀረው ቀን» ይጻፍ። ከዚያ ፋሲካ ሰባት ቀን ሲቀረው የተሸጠው፣ ባለፈው ዓመት ሰባት ቀን ሲቀረው ከተሸጠው ጋር ይተያያል። ያኔ ንግዱ በእውነት ማደጉ ወይም መቀነሱ ይለያል። ለዒድም እንደዚሁ ነው። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ቅቤም ከመበላሸት ያድናል።

ስሎተርቫርት ራሱ ከቁጥር የተወለደ ሰፈር መሆኑ ቁጥር ከኑሮ ጋር መሄድ እንዳለበት የበለጠ ያጎላል። አምስተርዳም ወደ ምዕራብ የምትሰፋበትን ዕቅድ በ1930ዎቹ ያዘጋጁት ኮርኔሊስ ቫን ኤስተረን እና ቀደም ሲል በሮተርዳም ይሠሩ የነበሩት ቴዎ ቫን ሎሃውዘን ናቸው። ቫን ኤስተረን ንድፉን ሲነድፉ፣ ቫን ሎሃውዘን ሕዝቡን ቆጠሩ፤ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን አጠኑ። በ2000 ከተማዋ ወደ 960,000 ነዋሪ እንደሚኖራት ገመቱ። ሰፈሮቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተሠሩ፤ 2000 ሲደርስ ግን ነዋሪው 731,000 ገደማ ነበር። ቆጠራው የጥንቃቄ ጉድለት አልነበረበትም። ኑሮው ተለወጠ፤ ቤተሰብ አነሰ፣ ብቻውን የሚኖር በዛ። ዛሬ በአምስተርዳም በአንድ ቤት የሚኖረው ሰው በአማካይ ሁለት እንኳ አይሞላም።

የሰውን ኑሮ በቁጥር መከታተል ሌላ አደጋም አለው። አልበርት ሃይን የተባለው የሆላንድ ሱፐርማርኬት በ1998 የቦነስ ካርድ አወጣ። ደንበኛው ካርዱን ሲያስነብብ ቅናሽ ያገኛል፤ ሱቁም ምን ከምን ጋር እንደተገዛ ያያል። ያኔም ብዙ ሰው ቅር ብሎት ስለነበር ስም ሳይመዘገብበት የሚወሰድ ካርድም ነበረ። ያ ቅሬታ ተገቢ ነበር። ሰው የሚበላውን ማወቅ ሃይማኖቱን፣ ሕመሙንና ገቢውን ወደ ማወቅ የሚጠጋ ነገር ነው።

ከዚህ የከፋውን ያሳየው መንግሥት ነው። ሲሪ የተባለው ሥርዓት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን መዝገብ አገናኝቶ ድጎማ ያጭበረብራል ተብሎ የሚጠረጠርን ሰው ይለይ ነበር። በሮተርዳም ብሉምሆፍና ሂለስላውስ በተባሉ የድሃ ሰፈሮች ላይም ሥራ ላይ ውሏል። የሄግ ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2020 ሕጉ የአውሮፓን የሰብአዊ መብት ስምምነት ይጥሳል ሲል ወሰነ። ሰፈሩ ድሃ በመሆኑ ብቻ ነዋሪው ተጠርጣሪ የሚሆንበት ቁጥር፣ ምንም ያህል በሚያምር ሠንጠረዥ ቢቀርብ፣ ዕውቀት አይባልም።

ስለዚህ ባለሱቁ ማን እንደሚጾም መመዝገብ የለበትም፤ በአውሮፓ ሕግ የሰው እምነት ልዩ ጥበቃ ያለው መረጃ ነው። አያስፈልገውምም። ዕቃውንና ቀኑን መቁጠር ይበቃዋል። ቁጥሩ ያልመለሰውን ደግሞ መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ይጠይቃል፦ «እማማ፣ ሽሮው ምነው ሰሞኑን ቀረ?» አንዷ «ልጄ ከአገር አመጣችልኝ» ትለዋለች። ሌላዋ እያፈረች «የበፊተኛው ይሻል ነበር» ትለዋለች። ሁለቱም በሒሳብ ማሽኑ ላይ አንድ ዓይነት ባዶ መስመር ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያዋን መጠበቅ ነው፣ ለሁለተኛዋ አቅራቢ መቀየር።

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ ዩኒቨርሲቲዎች የመረጃ ትንተና የሚማሩ የሐበሻ ልጆች ይህን ሥራ ከወላጆቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ሱቅ ቢጀምሩ መልካም ነው። ፍልሰታ ለመነሻ ይመቻል፤ ነሐሴ 1 በየዓመቱ ኦገስት 7 ስለሚውል ወር ከወር ማነጻጸር እንደ ሁዳዴ አያሳስትም። ምስሩ ቢቀንስ ግን ልጁ እናቱን ይጠይቅ። በኦገስት ከደንበኞቿ መካከል ስንቶቹ ለዕረፍት አዲስ አበባ እንደሚገቡ እሷ ታውቃለች።