ተራራው ከሪዞርቱ አጥር ውጭ ነው

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የአዲስ አበባ ሰው ሐሳቡ በትምህርት ቤት ክፍያና በደንብ ልብስ ተይዟል። የልጆቹ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ተራራው ጉም በነበረበት ጊዜ አልቋል። ቀጣዩ የጉዞ ወሬ የሚነሳው ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሣሩ ደርቋል፣ አቧራው ተነሥቷል። በመካከሉ ያለው መፀው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚዘልቀው፣ ለደጋው ምድር ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ወቅት ሆኖ ሳለ የከተማው ሰው ሳያየው ያልፋል። ይህ ልማድ መቀየር አለበት ብዬ አምናለሁ። የተራራ ሎጆችና ሪዞርቶች በብዛት እየተሠሩ ባሉበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ወቅቱን ከማወቅ እኩል፣ እዚያ ደርሰን የት እንደምንውል ማሰብም ተገቢ ነው።

ለዚህ ከወንጪ የቀረበ ምሳሌ የለም። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። አፉ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል፤ በሐይቁ ውስጥ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከሸለቆው በታች ፍል ውኃና አምቦ ውኃን የመሰለ ጣዕም ያለው ምንጭ ይፈልቃል። በክረምት ይህ ሁሉ በጉም ይሸፈናል፤ ከጫፉ ላይ ቆሞ ሐይቁን ሳያይ የሚመለስ ብዙ ነው። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ተዳፋቱ ገርጥቶ ምንጩ ይሳሳል። በመፀው ግን ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሄዷልና ከገደሉ አፋፍ እስከ ማዶው ጫፍ ያለው እርሻ፣ እንሰቱና ገብሱ፣ በላይ የቀረው አስታ ሳይቀር አንድ በአንድ ይለያል። አደይ አበባ በመስከረም የጀመረችው ቢጫ ጥቅምት ሲገባ ደጋው ላይ ገና አልጠፋም። ብርዱ እውነት ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ቀኑ ለእግር ጉዞ የሚመች ፀሐይ ያለው፣ ሌሊቱ እሳት ዳር የሚያስቀምጥ ወቅት ከዚህ ሌላ የለንም።

ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ታቅፋ ሎጅ ተሠርቶላታል። እኔ ሎጁን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ለአረጋውያን፣ ሕፃን ለያዙ ቤተሰቦች፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ንጹሕ መኝታና ሙቅ ውኃ ያስፈልጋል። ስጋቴ ሌላ ነው፤ ጎብኚው መኪናውን አጥር ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ሐይቁን ከበረንዳ ፎቶ አንሥቶ፣ ምሳውን በልቶ ከተመለሰ ወንጪን አላየም፤ ወንጪም እሱን አላየችውም። ወንጪ የምትታወቀው ሎጁ ሳይኖርም ነበር፤ ያን ጊዜ የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ፈረስ በተራ እያከራዩ፣ እንግዳውን ቁልቁል ወደ ሐይቁ እየመሩ፣ በጀልባ እያሻገሩ ይሠሩ ነበር። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በፈረንጆቹ 2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ያስገባት በመንደርነቷ ነው። የመፀው ደስታም ያለው እዚያው ነው፤ በፈረስ ወርዶ በእግር በመውጣት፣ በፍል ውኃው፣ በደሴቱ፣ በገበሬው ቤት በሚቆላው ገብስ።

«ብዙ ሰው ዳቦ ለመግዛት በተቸገረበት አገር ስለ ተራራ ሽርሽር ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አለ። የኑሮው ክብደት የማይካድ ነው፤ የሎጅ ክፍል መያዝም ለደመወዝተኛ ቤተሰብ የሚቻል አይደለም። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚጠናው በአጥሩ ውስጥ ባለው ተራራ ላይ ነው። በጋራ ሚኒባስ ሄዶ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ የፈረስ ኪራይ ከፍሎ በዚያው ቀን መመለስ ብዙዎች ለአንድ ሠርግ ከሚያወጡት ያንሳል። ወጥቶ ወቅቱን መቀበልም ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም፤ ኢሬቻ ሕዝቡን ክረምቱ ሲያልፍ እርጥብ ሣር አስይዞ ወደ ውኃ ዳር ያወጣል፣ የእንቁጣጣሽ ልጆች አበባ ፍለጋ መስክ ይወርዳሉ። እኛ ያጣነው ከበዓሉ ማግስት ያለውን ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የገበሬው ነው። መፀው የአጨዳ ወቅት ነው፤ ፈረሱም ባለ ፈረሱም ሥራ ላይ ናቸው። ሰው ነዶውን ትቶ እንግዳ እንዲመራ መጠየቅ ተገቢ ነው? በተራ የመሥራት ልማድ ይህን በከፊል ይመልሳል፤ ተራው ያልደረሰ ማሳው ላይ ይውላል። ቀሪውን መመለስ ያለበት ዋጋው ነው። በአጨዳ ወቅት ለጠፋ የሥራ ቀን የሚከፈል ዋጋ ከበጋው ከፍ ቢል ጎብኚው ሊያጉረመርም አይገባም። ሎጁም ድንችና ማር፣ ወተትና እንቁላል ከአጥሩ ሥር ካለው ገበሬ ቢገዛ፣ መሪዎቹን ከመንደሩ ቢቀጥር የአጨዳው ወራት ለገበሬው የእጥፍ ገቢ ወራት ይሆናል። ሌላውን ስጋት፣ ብዙ እግር ተራራውን ይጎዳል የሚለውን፣ አልንቀውም። ሆኖም ወንጪን ዛሬ የሚጎዳት በዋናነት እስከ ገደሉ አፋፍ የወጣው እርሻና ወደ ሐይቁ የሚወርደው አፈር ነው። ከደኑና ከአስታው ገቢ የሚያገኝ ገበሬ እነዚህን የሚያርስበት ምክንያት ይቀንሳል። ፕላስቲክ ጥሎ የሚመለስ ጎብኚ ግን በዚህ ክርክር ሊሸሸግ አይችልም።

የመንገድ ጸጥታ ጉዳይ ለማንም ቀላል አይደለም፤ በስጋት የቀረን ሰው መውቀስ አይቻልም። የሚሄድ ሰው የሰሞኑን ሁኔታ ከአካባቢው ሰዎች ጠይቆ፣ በቀን ተጉዞ፣ በቀን ይመለስ። ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ጉዞ ከሰኔ ዝናብ ወደ ጥቅምትና ኅዳር ያምጡት፤ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ አፈር መሸርሸር የሚያስተምር ከዚህ የበለጠ ክፍል አያገኙም። እርስዎም ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ካለዎት ጋቢ ይያዙ፣ ፈረሱን ከመንደሩ ይከራዩ፣ ዋጋ አይከራከሩ፣ ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ።