የጽንስ ጤና ከጓሮ ጎመን ይጀምራል

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው ባለው የቡና አገር ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ መንገድና ስለ ችግኝ በየስብሰባው መወያየት የተለመደ ነው። የእናቶች ምግብ ግን የቤት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ ለውይይት እምብዛም አይቀርብም። ሆኖም ጉዳዩ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

ፎሌት ከቢ ቪታሚኖች አንዱ ሲሆን፣ ለደም መመረትና ለጽንስ ዕድገት የግድ ያስፈልጋል። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር መሠረታቸው የሚጣለው ከተፀነሰ በኋላ ባሉት 28 ቀናት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ፎሌት ካነሰ ሕፃኑ የጀርባው አጥንት ወይም የራስ ቅሉ ሳይገጥም የመወለድ አደጋው ይጨምራል። ብዙዎቹ ሴቶች ግን በእነዚህ ቀናት ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህም በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ለእናቲቱ ደም እጅግ ቢጠቅምም፣ ይህንን አደጋ ለመከላከል ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ከመፀነስ በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲወሰድ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድን በመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ በአገር አቀፍ ደረጃ ጸድቋል። እርምጃው ተገቢ ቢሆንም ጥቅሙ የሚደርሰው የፋብሪካ ዱቄት ለሚገዛው ነው። ቆጮና ጎደሬ፣ እንዲሁም ከማሳው ሰብስቦ ያስፈጨውን በቆሎ የሚመገበው ገበሬ ከዚህ ጥቅም ውጭ ይቀራል።

ስለሆነም ክፍተቱን ለማጥበብ የጓሮ እርሻ ትልቅ ድርሻ አለው። ጎመን፣ ቦሎቄ፣ ባቄላና ምስር በፎሌት የበለጸጉ ናቸው። ቦሎቄ ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ ሊዘራ ይችላል፤ ጎመንም ከደጅ አይርቅም። ነገር ግን ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ፎሌቱም አብሮ ስለሚፈስ፣ በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ ማብሰል ይገባል። እንክብሉም ከቡና ጋር መወሰድ የለበትም፤ ቡና ብረቱ ከሰውነት ጋር እንዳይዋሃድ ያግዳልና።

የማኅበር መሪዎች የጎመንና የጥራጥሬ ዘር ለየቤቱ እንዲዳረስ ማድረግ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በስብሰባ ላይ የምትናገርበት ጊዜ መስጠት ይችላሉ። ምክሩ ለነፍሰ ጡሮች ብቻ ሳይሆን ለአዲስ ተጋቢዎችና ለባሎችም አስቀድሞ መድረስ አለበት። ቡናው ተሸጦ ገንዘብ ሲገባም ከወጪው ዝርዝር ውስጥ ምስርና ባቄላ ሊዘነጋ አይገባም።