ሐኪሙ ሲከተብ የሚጠበቀው ማን ነው? የጤና ባለሙያዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና የተገልጋዩ ደኅንነት

አንድ የጤና ባለሙያ በኢንፍሉዌንዛ ሲያዝ ጉዳዩ የግል ሕመም ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቫይረሱ ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን ገደማ አስቀድሞ መተላለፍ ስለሚጀምር፣ ባለሙያው ጤነኛ ነኝ ብሎ በሚሠራበት ሰዓት ሕሙማንን ሊያስይዝ ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላም ወይ ሥራ ላይ ቆይቶ ያስተላልፋል፣ ወይ ቤቱ ይውልና ይሰጥ የነበረው አገልግሎት ይጓደላል። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያዎችን ከነፍሰ ጡር እናቶች፣ ከአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር በወቅታዊ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ከሚላቸው ወገኖች የመደባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ከትልልቅ ከተሞች ይልቅ እንደ ወገዳ ባሉ አካባቢዎች ይከብዳል። በደቡብ ጎንደር ዞን የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወገዳ የምታገለግለው ከአባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች ጀምሮ እስከ ጋይንትና እስቴ ወሰን የተዘረጋውን ሕዝብ ነው። ከቆላው ቀበሌ ሕመምተኛ ይዞ ወደ ከተማዋ መውጣት ቀላል ጉዞ አይደለም፤ በጸጥታ ችግር መንገድ ሲስተጓጎል ደግሞ ይብሳል። በአንድ የገጠር ጤና ኬላ የሚመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአብዛኛው ሁለት ሲሆኑ የሚያገለግሉት ሕዝብ እስከ 5,000 ይደርሳል። ከሁለቱ አንዷ ለሳምንት ብትተኛ የቤት ለቤት ጉብኝቱም የሕፃናት ክትባቱም በአንዲት ባልደረባዋ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም አብረው ቢታመሙ በሩ ይዘጋል። በከተማ ሆስፒታል የአንድ ነርስ መቅረት በፈረቃ ለውጥ ሊሸፈን ይችል ይሆናል፤ በጤና ኬላ ግን የሚተካ ሰው የለም።

በጤና ጣቢያዎች ያሉት የእናቶች ማቆያዎችም ሊታሰቡ ይገባል። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው እስኪደርስ በአንድ ክፍል ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት አብረው ይሰነብታሉ። እርግዝና ኢንፍሉዌንዛ ወደ ጽኑ ሕመም የመሸጋገር ዕድሉን ይጨምራል። አራስ ሕፃን ደግሞ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ራሱ መከተብ ስለማይችል የሚጠብቀው ከእናቱ ያገኘው መከላከያና በዙሪያው ያሉ ሰዎች ጥንቃቄ ነው። እያንዳንዷን እናት በየዕለቱ የምትነካዋ አዋላጅ ነርስ ናት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኢንፍሉዌንዛ የተናቀ በሽታ ነው። ለዚህም ስሙ ድርሻ አለው። በአማርኛ «ጉንፋን» ሲባል አፍንጫን አንጠብጥቦ የሚያልፈውም፣ ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለውም አንድ ላይ ይጠራሉ። በገጠሩ ድንገተኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። «ጉንፋን ይዞኝ ከሥራ ቀረሁ» ማለት ባለሙያውንም ያሳፍረዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ሰዎችን ለጽኑ ሕመም ሲዳርግ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚሆኑትን ይገድላል። የበሽታው ኃይል ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን ያጠቃውና «የኅዳር በሽታ» የተባለው ወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሰው ሞቷል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» ከዚያ ዘመን ጋር ይያያዛል። በዚያን ጊዜ ክትባት አልነበረም።

ሀገሪቱ ባለሙያን አስቀድሞ የመከተብ ሥራን በስፋት የሞከረችው በኮቪድ-19 ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ክትባቱ በአዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። ከቀናት በፊት በኮቫክስ በኩል የገባው 2.2 ሚሊዮን የአስትራዜኔካ ዶዝ ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ነበር። ሆኖም በዚያው ሰሞን በርካታ የአውሮፓ ሀገሮች ከደም መርጋት ጋር በተያያዘ ስጋት ይህንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መጋቢት 9 ቀን ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ቢያስታውቅም ጥርጣሬው ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። በሀገሪቱ የተለያዩ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች ጥቂት የማይባሉ ባለሙያዎች ማመንታታቸውን፣ ዋናዎቹ ምክንያቶችም የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃትና በቂ መረጃ አለማግኘት መሆናቸውን አሳይተዋል። ኅብረተሰቡ ስለ ክትባት የሚጠይቀው እነዚሁኑ ባለሙያዎች በመሆኑ፣ መልስ ሳያገኝ የቀረ የባለሙያ ጥያቄ ውሎ አድሮ የመንደሩ ጥርጣሬ ይሆናል።

ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በግልጽ መነገር ያለበት አለ። ቫይረሱ መልኩን ስለሚቀያይር የክትባቱ ቀመር በየዓመቱ ይከለሳል፤ ያለፈው ዓመት መርፌ ለዘንድሮ አይበቃም። ክትባቱ ከተሠራጨው ቫይረስ ጋር በደንብ በተጣጣመባቸው ዓመታት ለሕክምና የሚያደርስ ሕመምን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል፤ የተከተበ ሰው ፈጽሞ አይያዝም ማለት ግን አይደለም። መከላከያው እስኪጎለብት ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት በሽታውን ሊያመጣ አይችልም፤ የክንድ ሕመምና ቀላል ትኩሳት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋሉ። የባለሙያው መከተብ የሕሙማንን ሞት ምን ያህል ይቀንሳል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ። ባለሙያውን ራሱን ከሕመም እንደሚጠብቅ ግን በቂ ማስረጃ አለ፤ ተተኪ ለሌላት የጤና ኬላ ሠራተኛ ይህ ብቻውን ትልቅ ምክንያት ነው።

ወቅታዊ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አልተካተተም። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው መርሐ ግብር ትኩረቱ በሕፃናትና በእናቶች ላይ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ባለሙያው ለምን አልተከተበም ከማለት በፊት ክትባቱ አጠገቡ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ልምድ በዚህ ረገድ ያስተምራል። ክትባቱ በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ዶዝ የሚጠናቀቅና በመርፌ መወጋት ለሚጋለጥ ባለሙያ እጅግ የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ በሀገሪቱ የተካሄዱ ጥናቶች ሦስቱንም የጨረሱት ጥቂቶች መሆናቸውን ደጋግመው አመልክተዋል። አደጋውን የሚያውቅ ባለሙያ እንኳ ክትባቱን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ገዝቶ እንዲወስድ ሲተው ሳይጨርሰው ይቀራል። በሌሎች ሀገሮች ሽፋኑ ከፍ ያለው ክትባቱ በሥራ ቦታ፣ በሥራ ሰዓትና በነፃ በሚሰጥባቸው ተቋማት ነው። ማስገደድም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ባለሙያ በሚያጥርበት ወረዳ ግን ግዴታን ማስቀደም ያለውንም ሊያሸሽ ይችላል።

የአቅርቦቱ ከባድ ክፍል ግዢው በየዓመቱ መታደስ ያለበት መሆኑ ነው። ማከማቻው ግን ከዜሮ አይጀምርም። ክትባቱ የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ጤና ጣቢያዎች ለሕፃናት ክትባት ከሚጠቀሙበት ማቀዝቀዣ ጋር አንድ ነው።

እስከዚያው ተገልጋዩም የሚያደርገው አለ። ሳልና ትኩሳት ያለው ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ ምልክቱን ቀድሞ ለመዝገብ ክፍል ቢናገርና አፍና አፍንጫውን ቢሸፍን፣ ከነፍሰ ጡሮችና ከሕፃናት ተለይቶ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ጉንፋን የያዘው ሰው የአራስ ጥየቃውን ለሌላ ቀን ቢያቆየው እንደ ንቀት ሊቆጠርበት አይገባም። ባለሙያ ጭምብል አድርጎ ቢያነጋግር ተገልጋዩን ተጸይፎ አይደለም፤ ተገልጋዩም «እባክዎ ጭምብል ያድርጉልኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ነፍሰ ጡር እናት፣ አረጋዊ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ትኩሳቱ ከበረታ፣ መተንፈስ ካስቸገረው ወይም ከተሻለው በኋላ ሕመሙ መልሶ ከጠናበት፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በስልክ ለመጠየቅ የጤና ሚኒስቴር ነፃ መስመር 952 እና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ናቸው።